ብርድ ቁስል አያሽርም

በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ 18 ማዞሪያ ላይ ለቆመ ሰው «አዲስ አበባ የማቀዝቀዣ እጥረት አለባት» ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ከእንጦጦ ጎን የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት በሚያልፈው የቀለበት መንገድ ዳር የታክሲ ረዳቶች አገጫቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ቀብረው ይጣራሉ። ፍራፍሬ ቸርቻሪዎቹ ደግሞ ሸራ ዘርግተው፣ ጆንያ ፈትተው የዕለቱን ኪሳራ ይቆጥራሉ።

በዚህ ንግድ ኪሳራው ከትርፉ ቀድሞ ይታወቃል። ጆንያው ሲገለበጥ ሎሚው ይለያል። ጠንካራና አረንጓዴው ከፊት ይደረደራል፤ ቢጫ የጀመረው ለጁስ ቤትና ለምግብ ቤት በኪሎ ይቀመጣል፤ የፈረጠውና ዱቄት የለበሰው በእግር ወደ ቱቦው ይገፋል። ከብርቱካኑ ክምር አጠገብ ጨርቅ አለ። ቸርቻሪዋ እያንዳንዱን ብርቱካን አንስታ ትወለውላለች፣ እስኪያበራ ታሸዋለች፣ በፒራሚድ ትደረድራለች። ሻጋታ የነካውንም ያልነካውንም የሚጠርገው ያው አንድ ጨርቅ ነው።

ጨርቁ ሁለት ጥፋት ይሠራል። ብርቱካን ከዛፍ ሲወርድ ልጣጩ ላይ ስስ የተፈጥሮ ሰም አለው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ተኖ እንዳያልቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ውልወላው ፍሬውን ያሳምረዋል፣ ሰሙን ግን ያሳሳዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ብርቱካንና ሎሚ ላይ የምናየው አረንጓዴ ዱቄት ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የሚባል ሻጋታ ነው፤ ከአንድ የሻገተ ፍሬ የሚነሳው የሻጋታ ዘር በቢሊዮን ሊቆጠር ይችላል። ጨርቁ ይህን ዘር ከአንዱ ብርቱካን ወደ ሌላው ያዳርሳል። ደግነቱ ይህ ሻጋታ ጤነኛ ልጣጭ ሰብሮ መግባት አይችልም። በሩን የሚከፍትለት ሰው ነው፤ የለቃሚ ጥፍር፣ የመቀስ ጫፍ፣ ፍሬው ላይ የቀረ ሹል ግንድ፣ ከኢሱዙ ላይ የተወረወረ ጆንያ። ጭረቱ በዓይን ላይታይም ይችላል። ዘሩ አንዴ ከገባ 25 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ውስጥ ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ስለ ቀዝቃዛ መጋዘን ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ይህን ሁሉ የሚያድን ክፍል ነው። ክፍሉ ግን ያን ያህል ኃይል የለውም። ብርድ ሻጋታውን ያዘገየዋል፣ አይገድለውም። ጭረቱንም አይደፍነውም። የቆሰለ ብርቱካን 5 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ቁስሉ አብሮት ይገባል። እንዲያውም ሰማያዊው ሻጋታ፣ የአረንጓዴው ዘመድ፣ ከእሱ ይልቅ ብርድ ይችላል፤ ከአንዱ ፍሬ ወደ ጎረቤቱ በመነካካት እየተሻገረ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሳጥን ሙሉ ያበላሻል።

አሜሪካኖች ይህን በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ብርቱካን በረዶ በተጫነበት ፉርጎ አህጉሩን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይጓዝ ነበር። ሲደርስ ብዙው በስብሶ ይገኛል። ጣት የሚቀሰረው ወደ ባቡሩና ወደ በረዶው ነበር። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ጂ. ሃሮልድ ፓወል የተባለ ባለሙያ ላከ። ፓወል በባቡሩ ላይ ሳያቆም ወደ እርሻውና ወደ ማሸጊያው ቤት ወርዶ የሠራተኞቹን እጅ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣው ሪፖርቱ የመበስበሱ ዋና ምክንያት መቀስ የወጋው፣ ግንዱ ረዝሞ ቀርቶ ጎረቤቱን የቧጠጠ፣ በግዴለሽነት የተወረወረ ፍሬ መሆኑን አሳየ። በጥንቃቄ የተለቀመው ያንኑ መንገድ በዚያው ባቡር ተጉዞ ብዙም ሳይበላሽ ደረሰ። አምራቾቹ ሰሙት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛሬ ሰንኪስት በሚል ስም የምናውቀውን ማኅበራቸውን እንዲመራ ሾሙት።

ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ሪፖርት ለ18 ማዞሪያ ዛሬ የተጻፈ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሎሚ ዛፉ ተነቅንቆ ወይም በእንጨት ተመትቶ መሬት ላይ የሚለቀምበት ቦታ ብዙ ነው። ዛፉ እሾሃም ስለሆነ በለቃሚው መፍረድ ይከብዳል። ብርቱካኑም ተጎትቶ ሲነቀል እንደ አዝራር ያለችው አረንጓዴ የግንድ መያዣ ልጣጭ ይዛ ትወጣለች፤ የቀረው ክፍት ቀዳዳ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ጤዛ ነው። የሎሚ ልጣጭ ሻማ አጠገብ የጨመቀ ልጅ ሁሉ እሳቱ ብልጭ ሲል አይቷል፤ ልጣጩ በጥቃቅን የዘይት ቋቶች የተሞላ ነው። በማለዳ፣ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ በተወጠረበት ሰዓት ሲለቀም እነዚህ ቋቶች በቀላሉ ይፈነዳሉ፤ ዘይቱም ራሱን ልጣጩን ያቃጥለዋል። ጠባሳው የሚወጣው ከቀናት በኋላ ገበያ ላይ ነው። ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅ ምንም ወጪ የለውም።

ፍሬው 18 ማዞሪያ የሚደርሰው ከብዙ እጅ በኋላ ነው። የከተማው ትልቁ የጅምላ ገበያ ለረጅም ዘመን ፒያሳ፣ አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሰሞን ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ ግን የጥምቀት ሜዳ ነው፤ በዓሉ ሲቃረብ፣ በ2013፣ ገበያው እንደገና ተነሥቶ ሃይሌ ጋርመንት ሰፈረ። (ጥር 11 ለቆንጆ የሚወረወረው ሎሚ ከዚያው ሜዳ ተገዝቶ እዚያው ሊወረወር ጥቂት ቀርቶት ነበር።) ከሃይሌ ጋርመንት እስከ ኮልፌው 18 ማዞሪያ ሌላ ጭነት፣ ሌላ ማውረድ፣ ሌላ መወርወር አለ።

በዕድሜ ገፋ ያሉ የሰፈሩ ሰዎች የኢትፍሩትን ሱቅ ያስታውሳሉ። ያ የመንግሥት ድርጅት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተጠቃልሏል። በዚያ ዘመን ብርቱካን ማለት የአዋሽ ብርቱካን ነበር፤ ኑራ ኤራ፣ መርቲ፣ ጢቢላ። ታማሚ ሲጠየቅ በፌስታል የሚንጠለጠለው እሱ ነበር። ዛሬ የአገር ውስጡ ብርቱካን ለምን እንዲህ ሳሳ ብሎ ለሚጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ በሽታ ነው። ቅጠልና ፍሬ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚጥለው፣ ሳይንሱ ሲዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ የሚለው ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ አገራችን ውስጥ ታየና በተለይ እርጥበታማ አካባቢዎችን ጎዳ። ብርቱካንና ግሬፕ ፍሩት ላይ ይጨክናል፤ ሎሚን ብዙ አይደፍርም። ሎሚ በየጉሊቱ እንደልብ ሲገኝ ብርቱካን የሀብታም ዕቃ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክፍተቱን የሞላው የውጭ ብርቱካን ነው። ሸማች ይጠረጥረዋል። «ፕላስቲክ ነው፣ ሳምንት ሙሉ አይለወጥም» ይላል። ነገሩ ግን ምትሃት የለውም። እንደ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ካሉ ላኪ አገሮች የሚወጣ ብርቱካን በመቀስ ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ ፀረ ፈንገስ ይነካዋል፣ የጠፋውን ሰሙን የሚተካ ሌላ ስስ ሰም ይቀባል፣ ከዚያ በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከመርከቡ እስኪወርድም ከዚያ ብርድ አይወጣም። ለብርቱካን የሚስማማው ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ሲሆን፣ አየሩ 90 በመቶ ያህል እርጥበት ካለው ቫሌንሲያን የመሰለ ዝርያ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። የእኛው ብርቱካንም ተመሳሳይ አያያዝ ቢያገኝ ያው ነው። አረንጓዴነቱም ጥሬ ስለሆነ አይደለም፤ ቆላ ላይ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ የልጣጩ አረንጓዴ ቀለም አይለቅም። ውስጡ ከበሰለ ቆይቷል።

ከሙዝ ጋር ያለውን ልዩነት ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሙዝ አረንጓዴ ተቆርጦ ክፍል ውስጥ ይበስላል። ብርቱካንና ሎሚ ግን ከዛፍ ከወረዱ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምሩም፤ ወደ ስኳር የሚለወጥ የተጠራቀመ ስታርች የላቸውም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ክፍል ለእነሱ ሻጋታን ከማዘግየት ሌላ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ትንፋሻቸውንና ውሃቸውን መቆጠብ። በዚሁ ምክንያት ለብርቱካን የመጀመሪያው መጋዘን ዛፉ ራሱ ነው። የደረሰ ብርቱካን ዛፉ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ሳይበላሽ ይንጠለጠላል፤ ዋጋ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሎሚ ይህ ዕድል የለውም። ቢጫ ሲሆን ይረግፋል።

አንድ ጁስ ቤት ልግባ። አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ሎሚ፤ ስፕሪስ የሚሠራበት ነገር ሁሉ ከለስላሳው ጠርሙስ ጎን በመስታወት ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል። ልጁ አንድ ሳህን ሎሚ አውጥቶ ያሳየኛል። ልጣጩ ላይ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎዱ ነጠብጣቦች አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት!»

ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሎሚ የቆላ ፍሬ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ለብዙ ቀን ከቆየ ልጣጩ በብርድ ይጎዳል፤ የሴሎቹ ሽፋን ይላላል፣ ይሰረጉዳል፣ ይጠቁራል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ሳለ አይታይም፤ ወጥቶ ሲሞቅ ነው የሚገለጠው። የለስላሳ ፍሪጅ 4 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለኮካ ጥሩ ነው፣ ለብርቱካን ይሁን፣ ለሎሚ ግን ቅጣት ነው። ግሬፕ ፍሩትም ከሎሚ ወገን ነው። ለሎሚ የሚስማማው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ላይ በቂ እርጥበት ካገኘ አንድ ወር ተኩልና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ብቻ ያለው ሰው ሎሚውን ከማቀዝቀዣው አፍ አርቆ፣ በተበሳ ላስቲክ አድርጎ፣ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያኑረው፤ ቶሎም ይጨርሰው። ላስቲኩ ያልተበሳ ከሆነ ፍሬው በራሱ ላብ ይሻግታል።

ሁለተኛው ችግር ጎረቤቶቹ ናቸው። ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳሉ። ጋዙ የሎሚውን አረንጓዴ ያረግፋል፤ ያቺን አዝራር የምትመስል መያዣም ያደርቃታል። እሷ ስትወድቅ ደግሞ ከግንዱ በኩል የሚጀምር ሌላ መበስበስ መንገድ ያገኛል። በሌላ አገር ይኸው ጋዝ ሆን ተብሎ የብርቱካንን ልጣጭ ለማቅላት በሚለካ መጠን ይለቀቃል። ጁስ ቤቱ ግን የሚለካ መሣሪያ የለውም። አንድ ፍሪጅ ለአምስት ፍሬ ማካፈል የግዴታ ነገር ስለሆነ ልጁን አልወቅሰውም፤ ሎሚውን ከፍሪጅ አውጥቶ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት በተሸፈነ ቅርጫት ቢያስቀምጠው ግን ይሻለው ነበር።

ወደ ማለዳው ብርድ የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ በብዙ ቀን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሎሚ የሚፈልገው ቅዝቃዜ በነፃ ከሰማይ ይወርዳል ማለት ነው። የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። የሌሊቱን ብርድ ለቀን የሚያቆይ ግድግዳ፣ እና እርጥበት። በበጋ ቀትር ላይ አየሩ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደረቅ አየር ቀጭን ልጣጭ ያለውን ሎሚ በጥቂት ቀን እንደ ጠጠር ያደርቀዋል። ፍሬው ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ መጨማደዱ መታየት ይጀምራል። በኪሎ የሚሸጥ ሰው ያን ውሃ የገዛው በብር ነው።

ያው ደረቅነት ግን መድኃኒትም ይሆናል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በዚያ ቀትር በእርጥብ ግድግዳ መካከል ያለፈ አየር ወደ 15 ወይም 16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ እርጥበቱንም ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሕንድ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች በዚህ ሐሳብ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ጓዳ ሠርተዋል፤ ሁለት የጡብ ግድግዳ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ የሳር ክዳን። እኛም ጋ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ አየር የሚነፋ ማቀዝቀዣ በብርቱካን፣ በመንደሪንና በሎሚ ላይ ፈትነዋል። ክረምት ሲገባ ዘዴው ይደክማል፤ አየሩ ራሱ ጠግቦ ስለሚያድር ውሃ አይተንም። ያን ጊዜ ግን ቀኑም ቀዝቃዛ ነው።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የማውቀው በቅዱስ ባስልዮስ አገር፣ በቀጰዶቅያ ነው። በዛሬዋ ቱርክ ኦርታሂሳር በምትባል ከተማ ዙሪያ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ፤ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚመጣ ቢጫ ሎሚ እዚያ ገብቶ ለወራት ይቆያል። ዋሻው ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም፣ እርጥብም ነው፣ መብራት አይጠፋበትም። እነሱም እንደኛ ድንጋይ ለጸሎት ፈልፍለዋል፤ በኋላ ለሎሚም ፈለፈሉ። ኮልፌ ላይ ዋሻ ይቆፈር አልልም። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ሌሊት መስኮቱ ተከፍቶ ቀን የሚዘጋ፣ ወለሉ ላይ ውሃ የሚረጭበት ተራ መጋዘን ግን ለሎሚ ከብዙ ፍሪጅ ይበልጣል።

ለብርቱካን እውነተኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽኑም ለአንድ ቸርቻሪ አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ናይጄሪያ ውስጥ ኮልድሃብስ የተባለ ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ክፍሎችን ገበያ መሐል አቁሞ በሳጥንና በቀን ያከራያል፤ ነጋዴዋ ክፍል አትገዛም፣ ለሁለት ሳጥን ለሦስት ቀን ትከፍላለች። የከተማው አስተዳደር በቅርብ ዓመታት ኮልፌን ጨምሮ በየአቅጣጫው የግብርና ምርት ገበያ ማዕከላት ገንብቷል፤ እንዲህ ያለ ኪራይ ሊሞከር የሚችልበት ጣሪያ አለ ማለት ነው። ለውጭ ገበያ ሲሆን ነገሩን እናውቅበታለን። የአበባችን ሰንሰለት ከእርሻው እስከ ቦሌ ቀዝቃዛ ነው፤ አቮካዶም በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በባቡር ወደ ጅቡቲ ተሞክሯል። ለራሳችን ሆድ የሚመጣው ብቻ ነው በሸራ ሥር የሚበስለው።

ይሁንና ክፍሉ ነገ ቢከፈት መጀመሪያ የሚገባበት ጆንያ ነው። ጆንያ ማለት ታችኛው ፍሬ የላይኛውን ሁሉ ተሸክሞ፣ አየር ሳያገኝ፣ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ የሚያድርበት ዕቃ ነው። በጅምላው ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈታ ይሸጣል፤ ውስጡ ያለውን ቁስል የምታየው ቸርቻሪዋ ናት፣ የምትከፍለውም እሷ። የለቀመው፣ የጫነው፣ ያወረደው፣ የደለለው ሁሉ ሒሳቡን ዘግቶ ሄዷል። በሳጥን የመጣ ሲያጋጥማቸው በኪሎ ጥቂት ብር ጨምረው የሚገዙ ቸርቻሪዎች አሉ፤ ከጆንያው የሚደፉትን ያውቁታላ።

ሳጥን ግን በብዛት አይመጣም፤ ምክንያቱም ተራ ነገር ነው። ብርቱካኑ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ባዶውን ሳጥን ወደ እርሻው ማን ይመልሰው በሚለው ላይ ገበሬው፣ ነጋዴውና ባለመኪናው አይስማሙም። ጆንያ ተጣጥፎ ወንበር ሥር ይገባል፤ ባዶ ሳጥን የመኪናውን ግማሽ ይይዛል፣ ባለመኪናውም ሲመለስ ሲሚንቶ ወይም ሸቀጣ ሸቀጥ መጫን ይፈልጋል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሰካ የፕላስቲክ ሳጥን ቦታውን በብዙ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ከጆንያ ጋር አይወዳደርም፣ መንገድ ላይ ከጠፋም ተጠያቂ የለውም። ሹፌሩ እስካሁን ጆንያ ነው የሚመርጠው።